ባሕሩ ቤት ሲበላ ሰው የሚቆጣው በማን ላይ ነው?

በእንግሊዝ ምሥራቅ ዳርቻ፣ ኖርፎክ ውስጥ፣ ሄይዝብራ የምትባል ትንሽ መንደር አለች። እዚያ «ቢች ሮድ» የሚሉት መንገድ የሚያልቀው መስቀለኛ ላይ አይደለም፤ አየር ላይ ነው። አስፋልቱ ገደሉ አፋፍ ሲደርስ ተቆርሶ ይቀራል። ከሥሩ አሸዋና ሸክላ አፈር፣ ከዚያ ወዲያ ሰሜን ባሕር ነው። በመንገዱ ዳር ሰው የሚኖርባቸው ቤቶች ነበሩ። ዛሬ ቤቶቹ ብቻ ሳይሆኑ የቆሙበት መሬትም የለም።

(እዚህ የምጠቅሳቸው ቀኖች፣ ወሮችና ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ባሕር በር ለሌለው አገር ሰው ወሬው ሩቅ ይመስላል። ግን ውሃ መሬት ሲበላ አይተን አናውቅም ማለት አይደለም። የመተሐራን ሰው ስለ በሰቃ ሐይቅ ጠይቁት፤ ሐይቁ እየሰፋ መንገዱንና የባቡር ሐዲዱን ስንት ጊዜ እንዳስጨነቀ ይነግራችኋል። ውሃ ሲመጣ የሚነሱት ጥያቄዎች ደግሞ የትም አንድ ናቸው። ማን ይወስናል? ማን ይከፍላል? ለነዋሪውስ መቼ ይነገረዋል?

እንግሊዝና ዌልስ በዚህ ጉዳይ ሲጨቃጨቁ ከ30 ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። በባለሥልጣናትና በባለሙያዎች ዘንድ ለረጅም ጊዜ የነበረው ግምት «ሕዝቡ የሚቃወመው ሳይንሱ ስላልገባው ነው፤ ቁጭ አድርገን ብናስረዳው ይቀበላል» የሚል ነበር። እኔ በዚህ አልስማማም። ገደል አፋፍ ላይ የሚኖር ሰው ባሕሩ እንደሚያሸንፍ ከማንም በላይ ያውቃል፤ በየዓመቱ በዓይኑ ያየዋል። የሚያንገበግበው ሌላ ነው። መስመሩን ማን አሰመረው? ለምን በእኔ በኩል? ኪሳራውንስ ለምን ብቻዬን እሸከማለሁ? ጠቡ ከባሕሩ ጋር ሳይሆን ከሰው ጋር ነው።

መጀመሪያ ገደሉ እንዴት እንደሚሄድ

የኖርፎክና ከሱ በስተሰሜን ያለው የሆልደርነስ ዳርቻ በአብዛኛው አለት አይደለም። በበረዶ ዘመን ግግር በረዶ ገፍቶ አምጥቶ የከመረው አሸዋ፣ ጠጠርና ሸክላ ነው። ይህን አፈር የሚያፈርሱት ሁለት ኃይሎች ናቸው። ከታች ማዕበሉ እግሩን ይበላዋል። ከላይ ደግሞ የዝናብ ውሃ ይሰርጋል፣ አፈሩ ይከብዳል፣ ይንሸራተታል። ብዙ ሰው የሚያስበው ማዕበሉን ብቻ ነው። ስለዚህ ግርጌው ላይ ድንጋይ ተከምሮ አናቱ ሲናድ «ሥራው ተበላሽቷል» ይላል። አንዳንዴ እውነትም ተበላሽቶ ይሆናል። አንዳንዴ ግን ጥፋቱ ከኋላ የመጣው የዝናብ ውሃ ነው።

ሆልደርነስ ላይ ባሕሩ በአማካይ በዓመት ከ1.5 እስከ 2 ሜትር ይወስዳል። በአውሮፓ በፍጥነት ከሚሸረሸሩ ዳርቻዎች አንዱ ነው፤ ከሮማውያን ዘመን ጀምሮ ከ20 በላይ መንደሮች እዚያ ባሕር ገብተዋል። ግን «በአማካይ» የምትለዋ ቃል ብዙ ነገር ትደብቃለች። የኛ ሰው ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይላል። ገደሉም እንደዚያው ነው። ለአምስት ዓመት ንቅንቅ አይልም። ሰውየው አጥሩን ያድሳል፣ አትክልቱን ይተክላል። ከዚያ አንድ ሌሊት ነፋሱና ከፍተኛው ማዕበል ይገጣጠሙና ብዙ ሜትር ባንዴ ይሄዳል። ሄምዝቢ በምትባለው የኖርፎክ መንደር ታኅሣሥ 5 ቀን 2013 የሆነው ይኸው ነው፤ በአንድ ምሽት ማዕበል ቤቶች ወደ ባሕሩ ተናዱ። በ2023 ደግሞ ሌሎች ቤቶች ሳይወድቁ በፊት መፍረስ ነበረባቸው።

ባለሙያው የሚያየው የ100 ዓመቱን አማካይ ነው። ነዋሪው የሚያየው ጸጥ ያሉትን አምስት ዓመታት ነው። ሁለቱም አልዋሹም። ግን አንድ ስብሰባ አዳራሽ ውስጥ ሲገናኙ አይግባቡም።

ሁለተኛው ነገር ይበልጥ ያስቸግራል። ገደሉ ሲናድ አፈሩ አይጠፋም። ሞገዱ አሸዋውን ዳርቻውን ተከትሎ ይገፋዋል፤ ሌላ መንደር ፊት ሄዶ ያርፋል። አሸዋ የተኛበት ዳርቻ ደግሞ የሞገዱን ጉልበት ስለሚሰብር ከኋላው ያለው ገደል ይተርፋል። ስለዚህ የአንዱ መንደር መፍረስ የሌላው መከላከያ ነው። ይህን የዘነጋ ውሳኔ ምን እንደሚያመጣ ሆልደርነስ ላይ ማፕልተን የምትባለው መንደር አሳይታለች። በ1991 መንደሯንና በመንደሯ የሚያልፈውን ዋና መንገድ ለማዳን በ2 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ከዳርቻው ወደ ባሕሩ የሚዘልቁ ሁለት የድንጋይ ክምሮች ተሠሩ። አሸዋው ተጠራቀመ፤ ማፕልተን ተረፈች። ከሷ በስተደቡብ ግን አሸዋ መምጣቱን አቆመ። ገደሉ ራቁቱን ቀረ፣ መሸርሸሩ ባሰበት፣ እዚያ የነበረ የእርሻ ቤትም ሄደ። የእርሻው ባለቤት ከሳይንሱ ጋር ጠብ አልነበረውም። እንዲያውም ሳይንሱ ለሱ ነበር የሚመሰክርለት።

ካርታ ላይ የወጣው ቀለም

ከ1990ዎቹ ጀምሮ የእንግሊዝና የዌልስ ዳርቻ «የዳርቻ አስተዳደር ዕቅድ» በሚባል ሰነድ ይመራል። ሁለተኛው ዙር ዕቅድ የተዘጋጀው በ2010 አካባቢ ነው። ዳርቻው በሙሉ በ22 ዕቅዶች ተከፋፍሎ፣ እያንዳንዱ ዕቅድ ደግሞ በትናንሽ ቁራጮች ተሸንሽኖ፣ ለየቁራጩ ከአራት ውሳኔዎች አንዱ ይሰጠዋል። ያለውን የመከላከያ መስመር ጠብቆ መያዝ፤ መስመሩን ወደ ባሕሩ መግፋት፤ መስመሩን በሥርዓት ወደ ኋላ መመለስ፤ ወይም ምንም አለማድረግ። ወደ ባሕሩ መግፋቱ ከስንት አንዴ ነው የሚመረጠው። ውሳኔው ለሦስት ዘመን ይሰጣል፦ ለመጀመሪያዎቹ 20 ዓመታት፣ እስከ 50፣ ከዚያ እስከ 100። ስለዚህ አንድ መንደር ዛሬ «ይጠበቃል» ተብሎ ነገ «ይለቀቃል» ሊባል ይችላል።

ነዋሪው ጋ ሲደርስ ይህ ሁሉ አንድ ቀለም ነው። ካርታው ላይ ቤቱ ያለበት ቦታ ቀይ ሆነ እንበል። ዕቅዱ ሕግ አይደለም። ገንዘብም አልተመደበለትም። የአገሪቱ የአየር ንብረት ለውጥ ኮሚቴ በ2018 ባወጣው ሪፖርት ራሱ ዕቅዶቹ በጀት የሌላቸውና ከእውነታው የራቁ መሆናቸውን ተናግሯል። ባንኩ ግን እንደዚያ አያነበውም። ባንኩ ቀዩን ቀለም ካየ ብድር የለም። ብድር ከሌለ ገዢ የለም። ገዢ ከሌለ ባሕሩ ገና 40 ዓመት ቢቀረውም ቤቱ ዛሬውኑ ሰጠመ ማለት ነው።

ዌልስ ውስጥ ፌርቦርን ላይ የሆነው በትክክል ይሄ ነው። ፌርቦርን 450 ያህል ቤቶች ያሏት የባሕር ዳር መንደር ናት። የተሠራችው ከ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ ረግረግ በነበረ ዝቅተኛ መሬት ላይ ነው። ባሕሩ በጣም ሲሞላ መንደሯ ከውሃው ከፍታ በታች ናት። ከፊቷ ባሕር፣ ከጎኗ ወንዝ፣ ከጀርባዋ ከተራራ የሚወርድ ጎርፍ አለ። መንደሯን የሚያስተዳድረው የግዊነዝ ምክር ቤት በ2013 ያጸደቀው ዕቅድ መንደሯ ለተወሰኑ አሥርት ዓመታት ትጠበቅና ከ2050ዎቹ አጋማሽ በኋላ ትለቀቅ የሚል ነበር። በቀላል ቋንቋ፦ ሰዎቹ ይነሱ፣ ቤቱ ይፍረስ፣ መሬቱ ወደ ረግረግነቱ ይመለስ።

አብዛኛው ነዋሪ ነገሩ የገባው በየካቲት 2014 በቴሌቪዥን ነው። ጎረቤት ሳይሰበሰብ፣ ደብዳቤ በወጉ ሳይደርስ፣ ቤቱ ቁጭ ብሎ ዜና ሲያይ መንደሩ ቀን እንደተቆረጠለት ሰማ። በሳምንታት ውስጥ የቤት ዋጋ ወረደ። ጥሬ ገንዘብ ይዞ ከሚመጣ ሰው በቀር ገዢ ጠፋ። ጋዜጦቹ ደግሞ ነዋሪዎቹን «የብሪታንያ የመጀመሪያዎቹ የአየር ንብረት ስደተኞች» እያሉ ይጽፉ ጀመር። የስደትን ክብደት ለሚያውቅ አንባቢ ይህ ስም በገዛ ቤቱ ለተቀመጠ ሽማግሌ ምን እንደሚሰማው መንገር አያስፈልግም። ብዙዎቹ ጡረተኞች ናቸው፤ ሌላ ቤት ለመግዛት ድጋሚ ሠርተው አያጠራቅሙም።

ምክር ቤቱ ሳይንሱ ላይ ተሳስቷል ብዬ አላምንም። ውሃው ይመጣል። ያጠፋው የነገሩን ቅደም ተከተል ነው። መጀመሪያ ቀኑን አወጣ። የት እንደሚሄዱ፣ በምን ገንዘብ፣ ቤታቸውን ማን እንደሚገዛቸው የሚለው ግን ለኋላ ተባለ። ያ «ለኋላ» ደግሞ ዓመታት ፈጀ። ከዚያ ወዲህ የሚሰጥ ማብራሪያ ሁሉ፣ ምንም ያህል እውነት ቢሆን፣ ሰሚ የለውም።

ሒሳቡ አያዋጣም

ወደ ሄይዝብራ እንመለስ። በጥር 31 ቀን 1953 ሌሊት ሰሜን ባሕር ገንፍሎ እንግሊዝ ውስጥ ከ300 በላይ፣ ኔዘርላንድስ ውስጥ 1,836 ሰው ገደለ። ከዚያ በኋላ በዳርቻው ሁሉ ግንባታ ተጧጧፈ። ሄይዝብራም በ1950ዎቹ መጨረሻ ከገደሉ ፊት የእንጨት መከላከያ ተሠራላት። እንጨት እንጨት ነው፤ በ1990ዎቹ መበስበስና መፈራረስ ጀመረ። መንደሩ ይጠገንልኝ አለ። መልሱ «ሒሳቡ አያዋጣም» ሆነ።

ይህ ሒሳብ እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ጥሩ ነው። መንግሥት ለመከላከያ ገንዘብ የሚሰጠው የሚድነው ንብረት ዋጋ ከወጪው ጋር ተመዝኖ ነው። ከተማ ከሆነ አንድ ኪሎ ሜትር ግንብ በሺህ የሚቆጠሩ ቤቶች ያድናል። ትንሽ መንደር ከሆነ አሥራ ምናምን። ስለዚህ ሒሳቡ ሁልጊዜ ከተማውን ይመርጣል። ከ2011 ወዲህ ደግሞ የጎደለውን ገንዘብ አካባቢው ራሱ ፈልጎ ይሙላ ተብሏል። ሀብታም ጎረቤት ያለው ይሞላል፣ የሌለው ይቀራል። የሄይዝብራ ሰዎች አልተቀመጡም። ኮሚቴ አቋቁመው፣ ሕዝቡን «አንድ ድንጋይ ግዙልን» ብለው ገንዘብ ለምነው፣ ከገደሉ እግር ሥር ድንጋይ አስከምረዋል።

ሕጉ ደግሞ ይኸውላችሁ። በ1949 የወጣው የዳርቻ ጥበቃ ሕግ ለአካባቢ ምክር ቤት መከላከያ የመሥራት ሥልጣን ይሰጠዋል፤ ግዴታ ግን አይጥልበትም። መንግሥት መንገድ ሊያወጣበት የአንድን ሰው ቤት ቢፈልግ ካሳ ይከፍላል። ለ40 ዓመት ሲጠብቀው የኖረውን መከላከያ መጠገን ትቶ ቤቱ ባሕር ቢገባ ግን ሰባራ ሳንቲም ካሳ የለም። የተለመደው የቤት ኢንሹራንስም ጎርፍን እንጂ የመሬት መሸርሸርን አይሸፍንም። ይባስ ብሎ ቤቱ ሊወድቅ ሲል የማፍረስ ኃላፊነቱ የባለቤቱ ነው። ለማፍረሻ በመንግሥት የሚሰጥ ድጋፍ አለ፣ እስከ 6,000 ፓውንድ። ሰውየው ቤቱን አጥቶ፣ የቀረ ዕዳ ካለበት ዕዳውን እየከፈለ፣ በላዩ ላይ የማፍረሻውን ጣጣ ይጨርሳል። ለቀባሪው አረዱት ይሉታል፤ እዚህ ጭራሽ መቃብሩን ራሱ ይቆፍር ተባለ።

እዚህ ላይ ሁልጊዜ የሚነሳ ጥያቄ አለ። «ድሮስ ማን ገደል አፋፍ ላይ ቤት ግዛ አለው? ለሱ ምርጫ እኔ ለምን ግብር እከፍላለሁ?» ከዳርቻው ርቆ የሚኖረው ሕዝብ አስተያየት በአብዛኛው ይሄ ነው፤ መናቅም የለበትም። አውቀው በርካሽ የገዙ አሉ። «ለእኔ ዕድሜ ይበቃኛል» ብለው ቁማሩን የተጫወቱ አሉ። ግን ብዙዎቹ ሲገዙ መከላከያው ቆሞ ነበር፣ ባሕሩም ሩቅ ነበር። መንግሥት የሠራው መከላከያ ራሱ «እዚህ ኑሩ» የሚል መልእክት ነው። መከላከያ ሲሠራ ሰው ይተማመናል፣ ቤት ይጨምራል፣ መከላከያው ሲያረጅ የሚጠፋው ንብረት ከበፊቱ ይበልጣል።

በ2009 የወጣ የሙከራ ፕሮግራም ለሄይዝብራ ሌላ መንገድ ከፈተ። የሰሜን ኖርፎክ ምክር ቤት 3 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ አገኘ። በቢች ሮድ አፋፍ ላይ የነበሩ ዘጠኝ ቤቶችን ባሕሩ ባይኖር ኖሮ ከሚያወጡት ዋጋ ግማሽ በሚጠጋ ገዝቶ አፈረሳቸው። የመኪና ማቆሚያውን ወደ ውስጥ ወሰደ። ለሚጠፋ ቤት ምትክ ከገደሉ ርቆ የመሥራት ፈቃድ የሚሰጥ ደንብም አለው። ግማሽ ዋጋ ግማሽ ነው። ሆኖም ከምንም ወደ ግማሽ መሄድ የሰውን ፊት ይለውጣል። «ግድግዳ ሥሩልን» ከሚለው ጩኸት ወደ «እንዴት እንነሳ» ወደሚል ንግግር የተሄደው ገንዘብ ጠረጴዛው ላይ ከመጣ በኋላ ነው። ችግሩ ፕሮግራሙ የአንድ ጊዜ መሆኑ ነው፤ በ2012 አለቀ።

ከዚያ በ2019 ከሄይዝብራ ጥቂት ኪሎ ሜትር ራቅ ብሎ ባክተን ላይ የሆነውን ተመልከቱ። ባክተን የጋዝ ተርሚናል አላት፤ ከብሪታንያ ጋዝ እስከ ሲሶ የሚሆነው የሚያልፈው በዚያ ነው። ገደሉ ወደ ተርሚናሉ ሲጠጋ ከኔዘርላንድስ የመጣ ዘዴ ሥራ ላይ ዋለ። መርከቦች ከባሕሩ ወለል 1.8 ሚሊዮን ኪዩቢክ ሜትር አሸዋ ቀድተው ዳርቻው ላይ አፈሰሱት። ወጪው 20 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ሲሆን ትልቁን ድርሻ የከፈሉት የተርሚናሉ ኩባንያዎች ናቸው። ባክተንና ዋልኮት የሚባሉት መንደሮችም አብረው ዳኑ። ብልህ ሥራ ነው፤ አሸዋውም ሞገዱ እየገፋው ቀስ በቀስ ወደ ሄይዝብራ መውረዱ አይቀርም። ግን ሄይዝብራ ላይ የሚኖር ሰው ከዚህ የሚማረው ሌላ ነገርም አለ። ባሕሩን ማቆየት ይቻላል። የሚቆመው ማን ሲከፍል እንደሆነ አሁን ገብቶታል።

(በነገራችን ላይ መሸርሸሩ የሚሰጠውም አለ። በ2013 ሄይዝብራ ላይ ባሕሩ አሸዋውን ጠርጎ ከ800,000 ዓመት በላይ የሆናቸው የሰው ዘር የእግር ዱካዎች ብቅ አሉ። በጊዜው ከአፍሪካ ውጭ ከታወቁት ሁሉ የቀደሙ ነበሩ። ሁለት ሳምንት ገደማ ቆይተው ያው ባሕር አጠፋቸው።)

ደች ብትሆን ኖሮ?

በዚህ ክርክር መሃል «ኔዘርላንድስ እንዴት ቻለችበት?» የሚል አይጠፋም። በ1990 የደች መንግሥት የዳርቻው መስመር በዚያ ዓመት ከነበረበት አያፈገፍግም ብሎ ወሰነ። ለዚህም ከ2001 ወዲህ በየዓመቱ በአማካይ 12 ሚሊዮን ኪዩቢክ ሜትር ገደማ አሸዋ ሲያፈስ ኖሯል። የአገሪቱ ትልቅ ክፍል ከባሕር ጠለል በታች ስለሆነ ሒሳቡ ቀላል ነው፤ መስመሩ ከተሰበረ ሁሉም ይሰጥማል። ከመካከለኛው ዘመን ጀምሮ የመጡ የውሃ ቦርዶችም አሏቸው። እንደ እድር በሉት፤ ነዋሪው መሪዎቹን ይመርጣል፣ መዋጮውን በግብር ይከፍላል፣ ችግሩ የሁሉም ነው። ደች ሰው ባሕሩን የማይፈራው ከእንግሊዙ ስለሚበልጥ አይደለም። የሚጠብቀው ማን እንደሆነ ስለሚያውቅ ነው።

ሆኖም እዚያም መሬት ወደ ባሕር ይመለስ ሲባል ያው ቁጣ ነው የሚነሳው። ዜላንድ በሚባለው የአገሪቱ ክፍለ አገር ውስጥ ሄድዊገ የሚባል በግድብ የተከለለ የእርሻ መሬት አለ። ኔዘርላንድስ ከቤልጂየሙ የፍላንደርስ ክልል ጋር በ2005 በተስማማችው መሠረት፣ የስኼልደ ወንዝ መውጫ ላይ የጠፋውን ረግረግ ለመተካት መሬቱ ለውሃ ይለቀቅ ተባለ። አካባቢው በ1953ቱ ጎርፍ የተመታ ነው። አባቶች ከባሕር የነጠቁትን እርሻ ለወፍ ብሎ መልሶ ማጥለቅ ለገበሬው ነውር ሆነበት። ክርክሩ መንግሥታትን እያስጨነቀ ከ15 ዓመት በላይ ተጎተተ። ግድቡ የተከፈተው በ2022 ነው።

በሰላም የተሳካ የለም እንዳይባል በደቡብ እንግሊዝ ሜድሜሪ አለች። በ2008 እዚያ ባሕሩ የጠጠር ግድቡን ሰብሮ ገብቶ ነበር። ከዚያ 7 ኪሎ ሜትር ያህል አዲስ ግድብ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ተሠራና በ2013 የፊተኛው ሆን ተብሎ ተከፈተ። መሃሉ ረግረግ ሆነ፤ ረግረጉ የማዕበሉን ጉልበት ይበላል፤ ከኋላ ከ300 በላይ ቤቶች ይጠበቃሉ። ወጪው 28 ሚሊዮን ፓውንድ ነው። እዚያም መጀመሪያ ላይ ተቃውሞ ነበር። ነገሩን ያለዘበው ሁለት ነገር ይመስለኛል። የአካባቢው ሰዎች ያሉበት አማካሪ ቡድን ዲዛይኑ ሳያልቅ ነው የተቋቋመው። ከሁሉ በላይ ግን የተለቀቀው በአብዛኛው እርሻ ስለነበር ቤቱን የሚያጣ ሰው አልነበረም። ሜድሜሪን እየጠቀሱ ፌርቦርንን «አያችሁ፣ እነሱ ተቀብለዋል» ማለት ስለዚህ አይሠራም። የሜድሜሪ ሰው የተጠየቀው ከቤቱ ፊት ያለውን ሜዳ ነው። የፌርቦርን ሰው የተጠየቀው ቤቱን ነው።

የእንግሊዝ መንግሥት አሁን እንደገና እየሞከረ ነው። ከ2022 ጀምሮ 36 ሚሊዮን ፓውንድ በዋናነት ለሆልደርነስና ለሰሜን ኖርፎክ ተመድቦ፣ ሰዎች ገደሉ ሳይደርስባቸው የሚነሱበት መንገድ እየተፈተሸ ነው። በዕቅዶቹ ላይ ከ2005 የሚቆጠረው የመጀመሪያው የ20 ዓመት ዘመን ደግሞ 2025 ላይ አብቅቷል፤ «ይጠበቃል» ተብለው የነበሩ ቁራጮች አንዳንዶቹ በወረቀት ላይ ወደሚቀጥለው ቀለም ተሸጋግረዋል። የሙከራው ገንዘብ እስከ 2027 ነው። ለሚጠፋ ቤት ካሳ የሚሰጥ ሕግ እስካሁን የለም፤ በየስብሰባው እጁን የሚያወጣው ነዋሪ መጀመሪያ የሚጠይቀውም ስለዚሁ ነው።